«አማርኛህ እኮ በጣም ጥሩ ነው» ማለት ምን ነውር አለው?

ጥያቄ፦

«አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ነው የምሠራው። ወንድ ነኝ፣ 33 ዓመቴ ነው፤ አንተ እያልክ መልስልኝ። ከአራት ወር በፊት አንድ የጋምቤላ ልጅ እኛ ክፍል ተቀጠረ። የመጀመሪያው ቀን ቡና ጋበዝኩትና ‹አማርኛህ እኮ በጣም ጥሩ ነው!› አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ምሳ አብረን እንበላለን፤ ሂሳብ አንድም ቀን አስከፍለነው አናውቅም። አንድ ቀን መብራት ጠፋና ቀልደኛው ልጃችን ‹በል ሳቅ፣ በጥርስህ ብርሃን እንንቀሳቀስ› አለው። ሁላችንም ሳቅን። የጋምቤላው ልጅም ስቋል። ከዚያ ቀስ እያለ ከኛ ጋር መብላት ተወ። ባለፈው ሳምንት ብቻውን አግኝቼው ‹ምን ሆነህ ነው?› ስለው ‹እንግዳ አድርጋችሁ ነው የምታዩኝ፤ ሰለቸኝ› አለኝ። በጣም ደነገጥኩ። እኔ ዘረኛ አይደለሁም። እንግዳ ብናደርገውስ አክብረነው አይደል? ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ደግሞስ ከእንግዲህ ቀልድ ሊቀር ነው?»

መልስ፦

እሺ ወንድሜ፣ እንዳልከኝ አንተ እያልኩ ልቀጥል። መጀመሪያ የሚያረጋጋህን ልንገርህ። ክፉ ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም። ሁለተኛው ግን ብዙም አያረጋጋም፤ ባልደረባህ ልክ ነው።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መብራት ሲጠፋ የቀለደውን ሰው «ቀልደኛው ልጃችን» ብለኸዋል። አዲሱን ደግሞ «የጋምቤላው ልጅ»። ስም ያልጻፍከው ሰዎቹ እንዳይታወቁ ብለህ ነው፣ ጥሩ አድርገሃል። ግን የሁለቱንም ስም ትተህ አንዱን «ልጃችን» አልከው፣ ሌላው ላይ የክልል ስም ለጠፍክበት። አራት ወር ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ። አንድ የደመወዝ መክፈያ ላይ ትፈርማላችሁ። አንድ ትሪ ላይ በልታችኋል። አንተ ስትጽፍ ግን ሰውየው ገና በር ላይ ቆሟል። ሆን ብለህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የማወራህም ሆን ተብሎ ስለማይደረገው ነገር ነው።

ወደ አማርኛው እንምጣ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ቢቀጠር ቡና ጋብዘህ «አማርኛህ ጥሩ ነው» ትለዋለህ? ትስቃለህ እንጂ አትለውም። እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ባልደረባህን የቆረቆረው የተናገርከው ቃል ሳይሆን ከቃሉ በፊት ያሰብከው ነው። «ይሄ ሰው አማርኛ አይችልም ብዬ ነበር» የሚለውን ነው የሰማው። በነገራችን ላይ የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የሚጻፈው፣ ቃለ ጉባኤ የሚያዘው በአማርኛ ነው። አንተ ያመሰገንከው ሰውየው ሲሠራበት፣ ሲከራከርበት የኖረበትን ቋንቋ ነው።

«አድናቆት እኮ ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን አድናቆት ሆኖ ያልፍ ነበር። መከራው ብዛቱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምዕራብ የአገራችን ክፍል የመጣ፣ እዚህ አዲስ አበባ የሚሠራ ወጣት ለምክር ይመጣ ነበር። ማንነቱ እንዳይለይ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። እንቅልፍ አጣሁ አለኝ። በማይረባ ነገር ከሰው እጣላለሁ አለኝ። «ምን ዓይነት የማይረባ ነገር?» ስለው ማስረዳት አቃተው። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲነገር ትንሽ ነው። ሲያወራው ራሱ ያፍራል። ስለዚህ አንድ ደብተር ግዛና ለአንድ ሳምንት ያጋጠመህን ጻፍ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት የታክሲ ረዳት ሂሳብ በእንግሊዝኛ ጠየቀው። በአማርኛ ሲመልስ ረዳቱ ወደ ሾፌሩ ዞሮ «ኧረ ይሄ ይችላል!» አለ። ሕንፃው በር ላይ ጥበቃው ከፊቱ ያሉትን አምስት ሰዎች ፈትሾ አሳለፈና እሱ ጋ ሲደርስ መታወቂያ አለ። የቀበሌ መታወቂያውን ሲሰጠው አገላብጦ፣ አገላብጦ አየው። ማክሰኞ ባንክ ቤት «ፓስፖርት ይዘሃል?» ተባለ። ተራ ሲጠብቅ አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት ፈገግ ብለው «አገራችንን ወደድካት?» አሉት። ረቡዕ ቤት ሊከራይ ሄደ። ደላላው በስልክ የነገረው ዋጋ ፊቱን ሲያይ ጨመረ። ሐሙስ «ቅርጫት ኳስ ትጫወታለህ?» ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት የተለያዩ ሰዎች። አርብ ገጹ ባዶ ነው። «ለምን ተውከው?» ስለው «ስጽፈው ባሰብኝ» አለኝ።

ጥበቃውንና ደላላውን እርሳቸው። እኔ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣችው የእናትየዋ ጥያቄ ናት። «አገራችንን ወደድካት?» ሴትየዋ ደግ ናቸው። ቤታቸው ቢሄድ ቡና አፍልተው፣ ቆሎ አቅርበው፣ ልጄ ብላ እያሉ ነው የሚያስተናግዱት። ግን በዚያች በአንዲት ጥያቄ አገሩን ወሰዱበት።

ያንተ ቡና የቀረበለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ። አንተ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ተናገርክ። እሱ ያንን ቀን ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማው አንተ አታይም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። ተረቱን ሁላችንም እንጠቅሰዋለን፤ የሚገርመው ሁላችንም የምንጠቅሰው ተወጊው ስንሆን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልግባ። «እንግዳ ብናደርገውስ አክብረነው አይደል?» ብለሃል። ከደብዳቤህ ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው፤ ከልብህ ነውና የጠየቅከው።

እውነት ነው፣ እኛ አገር እንግዳ ክብር አለው። አልጋ ይለቀቅለታል። ከወጡ የተሻለው ይወጣለታል። ሂሳብ አይከፍልም። ግን እንግዳ የማይደረግለትንም አስብ። እንግዳ ጓዳ አይገባም። ጣሪያው ሲያፈስ «ይሄ ይጠገን» አይልም። ቤተሰቡ ሲጨቃጨቅ ወደ ውጭ ያያል። መቼ እንደሚሄድም፣ ባይነገርም፣ በሁሉም ልብ ውስጥ አለ። አሁን አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ሳሎን ቁጭ ብሎ «ተጫወት እንጂ፣ አትፈር» ሲባል አስበው። በየቀኑ። በፈገግታ። ምን ብሎ ይቆጣል? የተሰደበበት ቃል የለም። ያቀረቡለት ደግሞ ቡና ነው። ስድብ ቢሆን መልስ ነበረው።

እኛ ዘረኝነት ሲባል ዱላ፣ ስድብ፣ ከሥራ መባረር ነው የሚታየን። እሱ ውስጥ ስለሌለን ንጹህ ነን እንላለን። ደግነታችን ውስጥ የተሸሸገው ግን አይታየንም። ስለዚህ «ዘረኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» የሚለውን ጥያቄ ተወው፤ የትም አያደርስህም። «ይህን ሰው የቤቱ ሰው አድርጌ ነው ያናገርኩት ወይስ እንግዳ?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱን ራስህ ታገኘዋለህ።

ይሄ ስሜት ባልደረባህ ብቻውን የፈጠረው አይደለም። ቼስተር ፒርስ የሚባል የሃርቫርድ የአእምሮ ሐኪም፣ ራሱ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ማይክሮአግሬሽን (ጥቃቅን ጥቃት እንደማለት) የሚል ስም አወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዴራልድ ዊንግ ሱ እና ባልደረቦቹ ነገሩን በዓይነት በዓይነቱ ዘረዘሩት። ከዘረዘሩት አንዱ በገዛ አገር ባዕድ መደረግ ነው። ምሳሌያቸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የእስያ ዝርያ ላለው፣ አሜሪካ ተወልዶ ላደገ ሰው «እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው» ማለት። አንተ ሳታውቀው ወደ አማርኛ መልሰኸዋል።

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ዘመድ ካለህ ደውለህ ጠይቅ። እዚያው የተወለደች ልጃቸው «እሺ፣ ግን የእውነት አገርሽ የት ነው?» ስትባል እንዴት ሆና ወደ ቤት እንደምትመጣ ይነግሩሃል። እስራኤል ያደጉትንም ጠይቅ። በኛ ልጆች ላይ ሲሆን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሁላችንም ቱግ እንላለን። ቦሌ ላይ ሲሆን ነው የሚጠፋብን።

በአማርኛ ምን እንበለው? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዳንዱ ሾርኔ ይለዋል። ሾርኔ ግን ሆን ተብሎ የሚወረወር ነው፤ ወርዋሪው ማንን ሊመታ እንደፈለገ ያውቃል። ይሄኛውን የሚወረውረው ሰው መወርወሩንም አያውቅም። ስሙ ላይ አልጨነቅም። ሰውየው «ሰለቸኝ» ብሎሃል፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም። «ተናደድኩ» አላለም፣ «ሰደባችሁኝ» አላለም። ሰለቸኝ።

መብራት የጠፋ ቀን የሆነውን ግን ከአማርኛው ጋር አንድ ላይ አታድርገው። እሱ ሌላ ነው። ቀልደኛው ልጃችሁ ያን ቀልድ የፈጠረው እሱ መስሎት ይሆናል። ጠቆር ያለ ሰው ሁሉ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሰማው ቀልድ ነው። አንተ «እሱም ስቋል» ብለሃል፤ እንደ ማስረጃ ነው ያቀረብከው።

እስቲ ያንን ቅጽበት ከእሱ ወንበር እንየው። ጨለማ ነው። ስድስት ሰባት ሰው ይስቃል። እሱ ለመወሰን ያለው ጊዜ ሁለት ሴኮንድ ነው። ቢቆጣ «አታካብድ» ይባላል። ዝም ቢል ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ያቀዘቀዘውም እሱ ይሆናል። ገና አዲስ ሠራተኛ ነው፤ ምናልባት የሙከራ ጊዜውንም ገና አልጨረሰ ይሆናል። ስለዚህ ሳቀ። ከእናንተ ጋር ሳይሆን ከሁለት ክፉ ነገሮች ለመሸሽ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳ መቅረት መጀመሩን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጠህ አላየኸውም እንጂ።

«አታካብድ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ልብ በላት። የከተማችን ተወዳጅ ቃል ናት። አንድ ሰው ያመመውን ሲናገር ሕመሙን የምንቀማው በእሷ ነው። መጀመሪያ ይወጋል፣ ከዚያ አልተወጋህም ይባላል። ብዙ ደንበኞቼ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳቸው።

ይሄ የጥርስ ቀልድ ለምን ከበደ? ቆዳ ላይ ስለሆነ ነው። በኛ አገር ቆዳ ታሪክ አለው። ከምዕራቡ ዳር የመጡ ወገኖቻችን «ሻንቅላ» ሲባሉ ኖረዋል፤ ቃሉ የአንድም ሕዝብ ስም አልነበረም፣ ሌላው የለጠፈባቸው ነው። ከዚያ አካባቢ ሰው እየተያዘ ለባርነት ይሸጥ ነበር። ባርነት በአዋጅ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ማለት ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም በየሰፈሩ እንደ ቀልድ ሲወረወር ትሰማለህ። ተናጋሪው ታሪክ እያወራ አይመስለውም። ሰሚው ግን አያቱን ነው የሚያስበው።

የራሳችንን የቀለም ቃላት እስቲ አድምጣቸው። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። ስንዘረዝራቸው ራሱ መሰላል የምንወርድ ነው የሚመስለው። «ጠቆር ትላለች ግን ቆንጆ ናት» እንላለን። እዚያ መሀል «ግን» ምን ትሠራለች? አራስ ቤት ገብተን «ቀይ ነው! እሰይ!» ስንልስ? ይህን የምለው ልነቅፍህ አይደለም። እኔም የጠይም እናት ልጅ ነኝ፤ አክስቶቼ «ጥቁር አይደለችም፣ ጠይም ናት» እያሉ ሲከላከሉላት ነው ያደግሁት። ማን ከሰሳት?

ሥራ ላይም እንዲሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ንጉሥ በአዋጅ የከለከለው ነገር ከመቶ ዓመት በኋላም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሽሮ ሜዳ ሄደህ የጥምቀት ልብስ ስትገዛ «እነዚህ ዶርዜዎች ዋጋ አያወርዱም» የሚል ሰው አጠገብህ አይጠፋም። የሸመነለትን ሸማ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚለው።

አሁን «ከየት ነህ?» ስለሚለው ላንሳ፤ ባትጠይቀኝም መጠየቅህ አይቀርም። እኛ ሀበሾች አገር መጠያየቅ እንወዳለን። ሁለት ሰው አውቶቡስ ላይ ከተቀመጠ ፍቼ ሳይደርስ ዘመድ ሆኖ ይወርዳል። እሱን አልጠላም፤ ቢቀር ያሳዝነኛል። ግን ጥያቄውን ለማን እንደምትጠይቅ እይ። ክፍላችሁ ውስጥ አምስት ሰው ቢኖርና አንዱን ብቻ ከጠየቅከው፣ ጥያቄው ትውውቅ መሆኑ ቀርቶ ኬላ ይሆናል። መልስ ከሰጠህ በኋላ «አይ፣ ከዚያ በፊት?» ካልከውም እንደዚያው። በተለይ በዚህ ባለፉት ዓመታት «የአባትህ ስም ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ስንቱን እንዳስደነገጠ አንተም ታውቃለህ። ደላላ ሲጠይቅህ ለኪራይ ነው፣ ሌላው ሲጠይቅህ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ስም ብቻውን በር እንደሚዘጋ ደግሞ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ማሪያን በርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5000 የሚጠጉ የፈጠራ ማመልከቻዎች ላኩ። በነጭ ስም የተላኩት በጥቁር ስም ከተላኩት 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ አገኙ። የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው።

ስለ ጋምቤላ አትጠይቀው እያልኩህ አይደለም። ጠይቀው። ግን ሙቀቱንና ስደተኛውን ብቻ አትጠይቀው። «እስቲ በጋምቤልኛ አንድ ነገር በል» የሚሉም አሉ። ጋምቤልኛ የሚባል ቋንቋ የለም። አኝዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖ፣ ኮሞ አሉ፤ ቋንቋቸው የየራሳቸው ነው። ያንተ ባልደረባ ከየትኛው እንደሆነ ደብዳቤህ ላይ የለም። በአራት ወር ውስጥ ነግሮህ ይሆናል፣ ወይ ማንም አልጠየቀውም። ቡና ጋብዤዋለሁ ብለሃል አይደል? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1902 ከምኒልክ ጋር ተዋውለው ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከፍተው ነበር። የኢሉባቦር ቡና በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ የነበረው ከዚያ ተነስቶ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ሁለት ሰው እኩል ያወራዋል። ማንም ማንንም አይፈትንም።

ሁሉንም ነገር ማይክሮአግሬሽን የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ከሥነ ልቦና ባለሙያዎችም የተከራከሩ አሉ። ስኮት ሊሊየንፌልድ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጽሑፍ ጽንሰ ሐሳቡ ጥርት ብሎ አልተበየነም፣ ማስረጃውም ገና አልጠነከረም፣ በዚህ ላይ ሥልጠና ለመስጠት አትቸኩሉ ብሎ ነበር። በከፊል እስማማለሁ። የተከለከሉ ዓረፍተ ነገሮችን በወረቀት አባዝቶ መበተን ሰውን ዝም ያሰኛል እንጂ አያቀራርብም። ዝም የሚባል ባልደረባ ደግሞ ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። አንድ ቀን ከቢሮዬ ወጥቼ ወደ መጠበቂያው ክፍል አየሁ። ረጅም፣ ጠቆር ያለ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ጠጋ ብዬ በእንግሊዝኛ «ምን ልርዳዎት?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ተራዬ ደረሰ እንዴ?» አለኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ይሄን ሥራ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወደ ውስጥ ስናልፍ «እንዴት ያለ ሙቀት ነው ዛሬ» አልኩ። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

ወደ ይቅርታው። አጭር አድርገው። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ቆመህም ቢሆን፣ «የመጀመሪያ ቀን ስለ አማርኛህ ያልኩህ ልክ አልነበረም። መብራት የጠፋ ቀንም መሳቅ አልነበረብኝም። ይቅርታ» በለው። ከዚያ ዝም በል። «ቅር ብሎህ ከሆነ» አትበል፤ ቅር እንዳለው ነግሮሃል። «ክፉ አስቤ እንዳልሆነ ታውቃለህ» አትበል፤ አንተን ማጽናናት የእሱ ሥራ ይሆናል። «እኔ የጋምቤላ ጓደኞች አሉኝ» ብለህማ እንዳትነካካው።

ሽማግሌ አታድርግ። ይሄን የምለው አመላችንን ስለማውቅ ነው። እኛ ዘንድ ይቅርታ ሰው ፊት ነው የሚጠየቀው። ሦስት የሥራ ባልደረባ ሰብስበህ፣ ማኪያቶ አዘህ፣ «በል እንግዲህ ይቅር ለእግዚአብሔር በለው» ይባላል። ጥሩ ባህል ነው፣ ስንቱን ደም አድርቋል። እዚህ ግን ይገለበጣል። ተበዳዩ ሰው በተሰበሰበበት አፍታ ሳይቆይ ይቅር እንዲል ይገደዳል። ካመነታ ቂመኛ ነው። ልክ እንደ መብራቱ ቀን ሁለት ሴኮንድ ይሰጠዋል፣ እንደገና ይስቃል። ይቅርታህን ተቀብሎ ዝም ካለም ተወው። ቶሎ እንዲቀልለው አትጠብቅ፤ የከበደበት ያንተ ብቻ አይደለም።

ነገሩን ወደ ሰው ሀብት ክፍል መውሰድ ከፈለገ ደግሞ «በመካከላችን እንጨርሰው» ብለህ አትያዘው። ደመወዝ፣ እድገት ወይም ተደጋጋሚ ስድብ ውስጥ ከገባ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ አድልዎን ይከለክላል፤ ያኔ ምክር ሳይሆን ማመልከቻ ነው የሚያስፈልገው።

ቀልድ ይቀራል ወይ ብለሃል። አይቀርም፣ ደግሞስ ያለ ቀልድ ፋይናንስ ክፍል እንዴት ይኖራል? እሱ በእናንተ ላይ መቀለድ እስኪችል ግን ጠብቁ። ቀልድ የሚሄደው ወደ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ የሚሄደውም ወደ ቆዳው፣ ወደ ቁመቱና ወደ አገሩ ብቻ ከሆነ እሱ ጨዋታ አይደለም። አንድ ቀን እሱ ስለ ኤክሴል ችሎታህ ቀልዶ ክፍሉን ካሳቀ ያኔ ተደሰት። ቀልደኛው ልጃችሁ ያንን ቀልድ እንደገና ካመጣ አትቆጣው፣ አትስበከው። አትሳቅ ብቻ። ወይም ረጋ ብለህ «አልገባኝም፤ ምኑ ነው የሚያስቀው?» በለው። ቀልድ ማብራራት ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማብራራት ደግሞ አይቻልም። ይህን ማለት ያለብህ አንተ ነህ። ባልደረባህ በራሱ ጉዳይ ዘበኛም፣ መምህርም፣ ከሳሽም ሆኖ እስከ መቼ ይችላል?

ምሳውንም ልንገርህ። ከይቅርታው በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይለፍ። ከዚያ እንደማንኛውም ሰው «ልንወጣ ነው፣ ትመጣለህ?» በለው። እምቢ ካለ እሺ በለው፣ በሌላ ቀን ደግሞ ጠይቀው። ከመጣ «እንጀራ ለመድክ?» አይባልም። አታጉርሰው፤ ከእሱ በፊት ሌላውን ካጎረስክ ግን አጉርሰው። ሂሳብ ሲመጣ እኔ እከፍላለሁ ካለ፣ ይክፈል።